ከእኔ በዕድሜም በልምድም የሚበልጡ ሰዎችን እንድመራ ተመደብኩ፤ ምን ልያዝ?

የሐይቅ ልጅ · ማክሰኞ ማታ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴም፣ ኮምቦልቻም፣ ወልድያም፣ የትም ያላችሁ፣ ሥራ የምትመሩ ወይ የመራችሁ ሰዎች ግቡበት ብዬ ነው የጻፍኩት።

ነርስ ነኝ። ከደሴ ብዙ በማይርቅ ወረዳ በአንድ ጤና ጣቢያ ስሠራ ቆይቼ በቅርቡ ኃላፊ ሆኜ ተመደብኩ። ዕድሜዬ ሠላሳ አልሞላም። ከምመራቸው ሰዎች መካከል እኔ ሳልወለድ ሥራ የጀመሩ አሉ። ተማሪ ሆኜ ልምምድ ስወጣ መርፌ አያያዝ ያሳየችኝ እህት እንኳን ዛሬ ፈቃድ የምትጠይቀው እኔን ነው።

ችግሬን በግልጽ ልናገር። ስብሰባ ላይ ሁሉም «እሺ» ይላል፤ ስንወጣ ሁሉም የለመደውን ይሠራል። ትንሹም ትልቁም ነገር እኔ ጠረጴዛ ላይ ይመጣል። ሳሙና አለቀ፣ ተረኛው ቀረ፣ የካርድ ክፍሉ ቁልፍ ጠፋ፣ መልሱ ሁልጊዜ «ኃላፊዋን ጠይቁ» ነው። ለስብሰባ ወረዳ በሄድኩ ቀን ግማሹ ሥራ ይቆማል።

የአመራር ሥልጠና ወስጃለሁ። ስለ ራዕይና ስለ ተልዕኮ ብዙ ጽፌ መጥቻለሁ፣ መጥፎ አይደለም፤ ግን ሰኞ ጠዋት ሕመምተኛው ተሰልፎ ቆሞ ላብራቶሪው ሳይከፈት ሲቀር ምን እንደማደርግ ከዚያ ውስጥ አላገኘሁም። የምፈልገው እዚህ፣ በእኛ ሰውና በእኛ መሥሪያ ቤት የሠራ ነገር ነው። የምታውቁትን አትንፈጉኝ።

---

መምህር ከወረኢሉ · ማክሰኞ ማታ 3፡40

ልጄ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። ርዕሰ መምህር ሆኜ ብዙ ዘመን ሠርቻለሁ፣ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ።

ከጻፍሽው ሁሉ ዋናው «ወረዳ በሄድኩ ቀን ግማሹ ሥራ ይቆማል» ያልሽው ነው። ሌላው ሁሉ ከዚያ ይመዘዛል። እኔ መሪን የምመዝነው በሌለበት ቀን በሚሠራው ሥራ ነው። ሲኖርማ ሁሉም ይሠራል፣ ዓይን አለበት።

ይህን የሚያሳይ የቆየ ጥናት አለ። ኩርት ሌዊን የሚባል የሥነ ልቦና ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር አሜሪካ አዮዋ ውስጥ የሠራው ነው፣ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1939። አሥር ዓመት አካባቢ የሆናቸውን ልጆች በክበብ አደራጅተው እንደ ጭምብል መሥራት ያለ የእጅ ሥራ ሰጧቸው። አንዱ መሪ ሁሉን ራሱ እየወሰነ ያዛል። ሌላው ከልጆቹ ጋር እየተመካከረ ይሠራል። ሦስተኛው እንደፈለጋችሁ ብሎ ይለቃቸዋል። አዛዡ ባለበት ሰዓት ልጆቹ ጥሩ ይሠራሉ፣ እሱ ከክፍሉ እንደወጣ ግን ሥራው ይወድቃል። ተመካካሪው ሲወጣ ልጆቹ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ልቅ የተተዉት ደግሞ መሪያቸው እያለም እምብዛም አልሠሩም።

ልብ በይ፣ ሦስተኛውም መሪ ነበር። ሰው እንዳይቀየመኝ ብለሽ ዝም ካልሽ እሱን ሆንሽ ማለት ነው።

እንግዲህ ሥራ ስትሰጪ ከነሥልጣኑ ስጪ። ጽዳቱን የሚያስተባብረው ሰው ሳሙና የሚገዛበት ትንሽ ገንዘብና ፈቃድ በእጁ ይኑረው። ኃላፊነቱን ለእሱ ሰጥተሽ ፈቃዱን አንቺ ጋ ካስቀረሽ፣ እሱ ምን ያድርግ? ተመልሶ ወደ አንቺ ነው የሚመጣው፣ ደግሞም ልክ ነው። እንዲህ ሆኖ ሳለ «ሠራተኛው ተነሳሽነት የለውም» የሚል ኃላፊ ስሰማ አዝናለሁ።

አንድ ሰው ችግር ይዞ ሲመጣ ደግሞ ቶሎ መልስ አትስጪ። «አንተ ምን ብናደርግ ይሻላል ትላለህ?» በይው። መጀመሪያ ግር ይለዋል። ሲለምደው መፍትሔውንም ይዞ ይመጣል፣ ኋላ ደግሞ ፈትቶት ይነግርሻል።

---

ኮምቦልቻ ፈረቃ ሁለት · ማክሰኞ ማታ 4፡25

አብሽሪ እህቴ! መምህር ያሉት ልክ ነው፣ እኔ ከፋብሪካ በኩል ልጨምር። ልብስ ስፌት ላይ የመስመር ሱፐርቫይዘር ነኝ።

ከቢሮ ውጪ። ጠዋት መጀመሪያ ወንበርሽ ላይ አትቀመጪ፤ ከካርድ ክፍል እስከ ላብራቶሪ፣ ከተመላላሽ እስከ ማዋለጃ አንድ ዙር ሂጂ። ሰው ለመያዝ አይደለም፣ ሰላም እያልሽ፣ «ዛሬ ምን ጎደለ?» እያልሽ። ሰው ቢሮሽ መጥቶ የማይነግርሽን ቆሞ እየሠራ ሳለ ይነግርሻል።

ካይዘንን፣ ሥራን በትንሽ በትንሹ የማሻሻል የጃፓኖቹን ዘዴ፣ ታውቂዋለሽ፣ ጤና ጣቢያም ደርሷል። የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ከተቋቋመ ወዲህ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ የሚለውን ያልሰማ ሠራተኛ ማግኘት ይከብዳል። ሰሌዳው በየግድግዳው አለ። እኔ ባየሁት ቦታ ሰሌዳው የሞተው ኃላፊው ማየት ባቆመ ዕለት ነው። ሠራተኛው ችግር ይጽፋል፣ አንድ ሳምንት ማንም አላነበበውም፣ ሁለተኛ ሳምንት ለምን ይጽፋል?

የጃፓኖቹ አሠራር ልቡ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ቶዮታ ፋብሪካ ውስጥ ከመስመሩ በላይ የተዘረጋ ገመድ ነበር። ማንኛውም ሠራተኛ፣ ትናንት የተቀጠረም ቢሆን፣ ብልሽት ካየ ይስበዋል። ሲስበው የቡድን መሪው ፈጥኖ ይመጣል፤ ችግሩ በቶሎ ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። እስቲ አስቢው፣ ተራው ሠራተኛ ፋብሪካ የማቆም ሥልጣን አለው። የሳበው ሰው የሚሰማው ቃል ደግሞ «ምን አገኘህ?» ነው። «ለምን አቆምከው?» የሚለው ሰው ካለ ገመዱ ሁለተኛ አይሳብም።

እና አንቺም የገመዱን ቦታ የሚይዝ ነገር ስጫቸው። በየጠዋቱ ቆማችሁ፣ አሥር ደቂቃ። ትናንት ምን ተበላሸ፣ ዛሬ ማን የለም፣ ከእኔ ምን ትፈልጋላችሁ፣ በቃ። ወንበር ከገባበት ግምገማ ይሆናል፣ ግምገማ ከሆነ ደግሞ ሰው ይዘጋል።

---

ከደላንታ · ረቡዕ ጠዋት 1፡30

ጥሩ ርዕስ ነው፣ እኔም የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ነኝ፣ ያው ችግር አለብኝ። እየተከታተልኩ ነው።

---

ጥብቅ ሰው · ረቡዕ ጠዋት 2፡05

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ አልስማማም። ምክክር ምክክር እያልን ነው አገሩ ሥራ የማይሠራበት የሆነው። ሰው ሰዓት አክብሮ የሚገባው የሚቆጣጠረው ሲኖር ነው። እህቴ ገና ወጣት ነሽ፣ በመጀመሪያው ወር ለስላሳ ሆነሽ ከታየሽ በኋላ ብትጠብቂ ማንም አይሰማሽም። የፊርማ መዝገቡን 2፡30 ላይ ዝጊ፣ የዘገየ ይጻፍበት፣ ደመወዙ ይቆረጥ። አንድ ሰው ላይ ካደረግሽው ሌላው ይስተካከላል። ደግሞ የሰው ሕይወት የተያዘበት ቤት ነው፤ ድምፅ እየተሰጠ ሕክምና የለም።

---

አዋላጇ · ረቡዕ ምሳ ሰዓት

ወንድሜ ጥብቅ ሰው፣ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገርህ ላይ ከአንተ ጋር ነኝ፣ ከዚያ በፊት ባለው ግን አይደለሁም። ሥራዬ ስለሆነ ላስረዳ።

እናት ወልዳ ደም አልቆም ሲል ምክክር የለም። በአገራችን እናቶችን ከሚገድሉት ምክንያቶች ቀዳሚው ይሄ የደም መፍሰስ ነው፣ ደቂቃ ነው የሚፈርደው። አንድ ሰው ይመራል፣ ሌላው ይታዘዛል። «አንቺ ማህፀኑን ማሸት ጀምሪ፣ አንተ ኦክሲቶሲን 10 ዩኒት ስጥ፣ አንቺ አምቡላንስ ጥሪ።» የታዘዘው ሰው ትዕዛዙን ጮክ ብሎ ይደግማል፣ ሲጨርስ «ሰጥቻለሁ» ይላል። እንዲህ ካልሆነ ሁለት ሰው አንድ ሥራ ይሠራል፣ አንዱ ሥራ ደግሞ ይረሳል።

ግን ያ ቡድን በዚያች ደቂቃ የሚታዘዘው ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ስለተማመነ ነው። እናቲቱ ከዳነች በኋላ ደግሞ ተቀምጠን «ምን ዘገየ?» ካላልን በሚቀጥለው ሌሊት ያው ይደገማል። በዚያ ንግግር ላይ የጽዳት ሠራተኛዋም ትናገራለች። በሩ ተቆልፎ ስለነበር ባልዲው መዘግየቱን ያወቀችው እሷ ናት።

ኤሚ ኤድመንድሰን የምትባል የሃርቫርድ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሆስፒታሎች ውስጥ የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተትን አጥንታ ነበር። ጥሩ የሚመሩ የነርስ ቡድኖች ያነሰ ስህተት ይኖራቸዋል ብላ ነበር የጠበቀችው። የተመዘገበው ግን ተገላቢጦሽ ሆነ፤ በጥሩ መሪ ሥር ያሉት የበለጠ ስህተት ተጽፎባቸው ተገኘ። ነገሩ ሲጣራ ብዙ ስለሚሳሳቱ አይደለም፤ ሳይፈሩ ስለሚናገሩ ነው። የሚፈሩት ይደብቃሉ፣ መዝገባቸውም ንጹሕ ይመስላል።

እህቴ የሐይቅ ልጅ፣ ይህንን ያዥ። ሪፖርትሽ ላይ ምንም ስህተት ከሌለ ደስ አይበልሽ። ጠይቂ።

---

ቦሩ ሜዳ · ረቡዕ ከሰዓት 10፡20

አዋላጇ ያለችውን ስሰማ የራሳችን የወሎ ታሪክ መጣብኝ። ከርዕሱ አልወጣም፣ አንብቡኝ።

በ1965 እና በ66 የነበረውን ረሃብ አያቶቻችን ነግረውናል። ዝናብ መቅረቱ አንድ ነገር ነው። ሰው እንደዚያ እንዲያልቅ ያደረገው ግን ወሬው ነው፣ ወሬው ወደ ላይ በሄደ ቁጥር መለዘቡ። ገበሬው ቀዬውን ጥሎ ዋናው መንገድ ዳር ይወድቃል፣ ከታች ያለው ሹም ጉዳዩን ያውቃል፣ ከላይ ያለው መጥፎ ወሬ መስማት አይፈልግም፣ መሐል ያለው ደግሞ የላይኛውን ፊት እያየ ይጽፋል። ከአሁኑ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ መጥተው አይተው ፎቶ ይዘው ሲመለሱ ነው የመሐል አገሩ ሰው ማየት የጀመረው። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ ከዙፋን ሲወርዱ አንዱ ምክንያት ያ የተሸፈነ ረሃብ ነበር። መርማሪ ኮሚሽን ባለሥልጣናቱን የጠየቀውም ስለዚሁ ነው፤ ማን አወቀ፣ መቼ አወቀ፣ ምን አደረገ።

እንግዲህ የእኛ አገር መሪ መጥፎ ወሬ ይዞ የመጣን ሰው እንዴት እንደሚቀበል ከማንም በላይ ማሰብ አለበት ብዬ አምናለሁ። የመድኃኒት ማለቅን የነገረሽ ሰው ላይ ፊትሽ ከጠቆረ፣ በሚቀጥለው ጊዜ የምታውቂው ሕፃን ታሞ እናቱ ባዶ እጇን ስትመለስ ነው።

ጥብቅ ሰው ስላለው ደግሞ፦ ስሜን የወሰድኩበት ቦታ ራሱ ይመሰክራል። በ1870 ዐፄ ዮሐንስ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ አድርገው የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ ታዘዘ። ሹመቱም መሬቱም ከዚያ ጋር ታሰረ። ብዙ ሰው ቀን ክርስቲያን ሆኖ እየታየ ማታ ቤቱ ገብቶ ይሰግድ ነበር። ያን የሚያህል ኃይል የሰውን ልብ ካላዞረ የፊርማ መዝገብ ምን ያዞራል? ዛሬ ወሎ ውስጥ በአንድ ቤት ሁለቱም እምነት ተከባብሮ የሚኖረው በትዕዛዝ አይደለም።

---

ጥብቅ ሰው · ረቡዕ ማታ 1፡15

የታሪኩን ነገር ተቀብያለሁ፣ ያሳዝናልም። ግን ጥያቄዬ አልተመለሰም። በሳምንት ሦስት ቀን የሚቀር ሰው ምን ይደረግ? ስንመካከር የምንኖረው እስከ መቼ ነው? እሱ ሲቀር የሚሠራለት ታታሪው ሰው ነው፣ ታታሪው ደግሞ አንድ ቀን ይታክተዋል።

---

የቅሬ ጸሐፊ · ረቡዕ ማታ 2፡50

ጥብቅ ሰው ያነሳኸው ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ መልሱም ሩቅ አይደለም፣ ቅሬያችን ውስጥ አለ።

ከወሎ ውጭ ላላችሁ፣ ቅሬ እናንተ ዕድር የምትሉት ዓይነት ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ የሚቀብርበት፣ የሚረዳዳበት። በእኛ ቀበሌ ያለውን ነው የምናገረው። ቀብር የቀረ ሰው ይቀጣል። ማንም አያጉረመርምም። ለምን? መቀጫውን ተሰብስበን እኛው ነን ያወጣነው፣ ደግሞ የቅሬው ዳኛ ራሱ ሲቀር ይቀጣል። ዳኛው ከፍሎ ሁሉም አይቷል። ከዚያ ወዲያ ማን ምን ይላል?

እንግዲህ ቅጣት ይኑር፣ እኔም እላለሁ። ግን ደንቡን አብረው ያውጡት፣ መጀመሪያ አንቺ ታሰሪበት። አንቺ ወረዳ ውለሽ ስትመጪ «ስብሰባ ነበርኩ» ብለሽ የምትታለፊ ከሆነ፣ የት እንደሄድሽ ቀድመሽ ሰሌዳው ላይ ጻፊ። እነሱም እንደዚያ ይጽፋሉ።

ሌላ ያየሁት፣ ጥሩ ዳኛ የሚናገረው መጨረሻ ላይ ነው። ስብሰባ ይከፈታል፣ ዱአም ጸሎትም ይደረጋል፣ ከዚያ ዝም ብሎ ይሰማል። ከዳር ያለውን ወጣት ይጠራዋል፣ «አንተስ?» ይለዋል። ሁሉም ሲጨርስ የተባለውን ደግሞ ይናገራል፣ ያኔ ይወስናል። አንቺ ሐሳብሽን ቀድመሽ ከተናገርሽ ስብሰባው አለቀ፣ የቀረው «እሺ» ብቻ ነው። ያ የነገርሽን «እሺ» ከዚህ የመጣ ይመስለኛል እህቴ፣ አንቺ እየሰበሰብሽ ትናገሪያለሽ፣ እነሱ ይሰማሉ።

መካሪ የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥም ይባላል፣ ታውቂዋለሽ።

---

የዩኒየን ሒሳብ · ረቡዕ ማታ 4፡00

እስካሁን ማንም ያላነሳው ነገር ገንዘብ ነው። እኔ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ውስጥ ሒሳብ ነኝ፣ እናም በልበ ሙሉነት የምለው፣ መሥሪያ ቤት የሚፈርሰው በአበል ነው።

ሥልጠና ሲመጣ ማን ይሄዳል? ይሄን መልሺልኝ፣ ሠራተኛው ለምን እሺ ብሎ እንደማይሠራ እነግርሻለሁ። ደሴ ወይ ባሕር ዳር የአምስት ቀን ሥልጠና ይመጣል፣ ውሎ አበል አለው፣ ደብዳቤው ኃላፊዋ ጋ ያርፋል፣ አርብ ከሰዓት አንድ ሰው ቦርሳውን ይዞ ሲሄድ ሌላው ያየዋል። ለምን እሱ? ማንም አያውቅም። ከዚያ በኋላ ስለ ራዕይ ብትናገሪ ማን ይሰማል? ደመወዝ ከኑሮ ጋር አልሄድ ባለበት ዘመን ያቺ አበል የቤት ኪራይ ናት፣ የልጅ ደብተር ናት። ቀላል ነገር አድርገን ማየት የለብንም።

የሥልጠና ዝርዝር አውጪ። ማን መቼ ምን ሥልጠና እንደሄደ፣ ቀጣዩ ተረኛ ማን እንደሆነ፣ ግድግዳ ላይ። ሙያው የሚጠይቀው ሰው ሲኖር ተራው ቢዘለል ምክንያቱን እዚያው ጻፊ። የራስሽንም ስም አስገቢ፣ ብዙ የሄድሽ ከሆንሽ ለጊዜው ተራሽን ልቀቂ። የትርፍ ሰዓት ክፍያውንም እንደዚያው፣ ማን ስንት ሰዓት ሠራ፣ ስንት ተከፈለው፣ ሁሉም ይየው። የውስጥ ገቢያችሁም በሩብ ዓመት አንዴ ለሠራተኛው ይነበብ።

ዘመድ ይመጣል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚልሽ ሰው ከሩቅ አይመጣም፣ ቤትሽ ቡና ላይ ነው የሚልሽ። ያን ቀን ዝርዝሩ ግድግዳ ላይ መኖሩ አንቺንም ያድንሻል፤ «እኔ አልወስንም፣ ተራ ነው» ትያለሽ።

---

ኮምቦልቻ ፈረቃ ሁለት · ሐሙስ ጠዋት 12፡40

የዩኒየን ሒሳብ፣ ወላሂ ልክ ነህ። እኛም ጋ ጥል የሚነሳው ኦቨርታይም ላይ ነው።

---

የሐይቅ ልጅ · ሐሙስ ማታ 1፡30

አላህ ይስጣችሁ፣ እግዜር ይስጣችሁ። ሁሉንም ደግሜ አንብቤዋለሁ። የሥልጠናውን ዝርዝር ዛሬ ከመዝገብ ማውጣት ጀምሬያለሁ፣ የጠዋቷን አሥር ደቂቃም ከሰኞ እንጀምራለን።

አሁን አንድ የሚከብደኝን ልጠይቅ። የመድኃኒት ክፍሉ ባለሙያ ጋሼ የምለው ሰው ነው። ዕውቀቱ ትልቅ ነው፣ ሕመምተኛ ይወደዋል። ግን ቢን ካርድ፣ የመድኃኒቱ ገቢና ወጪ የሚጻፍበትን ካርድ፣ አይሞላም። ስንት እንደቀረ በቃሉ ያውቀዋል፣ «ልጄ እኔ እያለሁ አታስቢ» ይለኛል። ባለፈው የሕፃናት አሞክሳሲሊን አልቆ የታወቀው ካለቀ በኋላ ነው። ሰው ፊት እንዳልናገረው ያሳፍራል፣ ዝም እንዳልል ሥራ ነው። ሽማግሌ ልላክበት እላለሁ፣ ደግሞ ይበዛል እላለሁ። እናንተ ብትሆኑ?

---

የቅሬ ጸሐፊ · ሐሙስ ማታ 2፡20

ሽማግሌ አትላኪ። ሽማግሌ የሚላከው የተጣላ ሰው ላይ ነው፣ እናንተ ገና አልተጣላችሁም። ብትልኪ «ከሰሰችኝ» ይላል፣ ያኔ ትጣላላችሁ።

በእኛ አገር አበጋር የሚባሉት አባቶች ደም የተቃባን ሰው እንኳን ያስታርቃሉ፣ ሙስሊምም ክርስቲያንም ይገዛላቸዋል። የሁለቱንም ወገን አንጀት ሳይሰሙ አይፈርዱም። ያን ያህል ከባድ ነገር በመስማት ከተፈታ የቢን ካርድ ነገር አይከብድም። ራስሽ ሂጂ፣ ብቻሽን፣ እሱ ክፍል ውስጥ፣ ቢሮሽ አትጥሪው። ለምን እንደማይሞላ ጠይቂው፣ መልሱንም የምርሽን ስሚው። ምናልባት ዓይኑ ደክሟል። ምናልባት ብቻውን ነው፣ ሰልፉ ይበዛበታል። አታውቂም።

---

መምህር ከወረኢሉ · ሐሙስ ማታ 3፡00

ጸሐፊው ያለው ይበቃል፣ አንድ ነገር ልጨምርበት። ያን ሰው የሚያኮራው ዕውቀቱ ነው፤ እንግዲያው በዕውቀቱ በኩል ሂጂ። አንድ ወጣት የፋርማሲ ባለሙያ ካለሽ ከእሱ ሥር አድርጊና «ጋሼ፣ እርስዎ በቃል የሚያውቁትን ይህ ልጅ በወረቀት ይማር፣ ያስተምሩልኝ» በይው። ካርዱ ይሞላል፣ ሰውየውም ይከበራል፣ ልጁም ይወጣል።

ይሄ በወሎ የቆየ ነው። በ13ኛው መቶ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ሐይቅ እስጢፋኖስ ላይ ሲያስተምሩ ስማቸው ሐይቅ ላይ ብቻ አልቀረም። ከእሳቸው ዘንድ ከተማሩት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ሸዋ ላይ ደብረ ሊባኖስን መሠረቱ፣ አባ ሂሩተ አምላክ ጣና ላይ ዳጋ እስጢፋኖስን። በሙስሊሙም በኩል ጃማ ንጉሥና ዳና የሚባሉት የትምህርት ቦታዎች እንዲሁ ናቸው፤ ደረሳው ተምሮ ይወጣል፣ ሄዶ በሌላ አገር ያስተምራል። ትልቅ ሰው የሚባለው ከሥሩ ሰው የወጣለት ነው። ያንቺ ጋሼም ይሄን ከልቡ ይፈልጋል፣ የጠየቀው ሰው ላይኖር ይችላል።

---

ጥብቅ ሰው · ሐሙስ ማታ 3፡35

መምህር ያሉት ጥሩ ነው፣ እኔም በዚህ እስማማለሁ። ግን ቀን ይቀመጥለት። «ከመጪው ወር መጀመሪያ ጀምሮ ካርዱ በየቀኑ ይሞላል» ተብሎ ሁለታችሁ ተስማሙ፣ አንቺም በዚያ ቀን ሄደሽ እዪው። ካልሆነ የቃል ማስጠንቀቂያ፣ ከዚያ የጽሑፍ፣ ከዚያ ደንቡ የሚለው። አክብሮትና ልቅነት አንድ አይደሉም፣ የሕፃን መድኃኒት ነው የምናወራው።

---

አዋላጇ · ሐሙስ ማታ 3፡50

እዚህ ላይ ጥብቅ ሰው ልክ ነው። በልጁ መድኃኒት ቀልድ የለም። ማስጠንቀቂያም ቢደርስ ለብቻው ክፍል፣ በር ተዘግቶ፤ ምስጋና ሲሆን ግን በጠዋቷ ስብሰባ ላይ፣ ስሙ ተጠርቶ፣ ያደረገው ነገር ተነግሮ። «ሁላችሁም ጎበዞች ናችሁ» ማለት ማንንም አያስደስትም። «ትናንት ሌሊት ተረኛዋ ሳትተኛ ያችን እናት ይዛ ደሴ ድረስ ሄዳለች» ሲባል ግን ሰውዬው ቀና ይላል፣ ሌላውም ያያል።

---

የሐይቅ ልጅ · አርብ ምሳ ሰዓት

ዛሬ ጠዋት ጋሼ ክፍል ሄጄ ነበር። ጸሐፊው እንዳሉት ዓይኑ ነው፤ የካርዱ መስመር ጠባብ ነው፣ ማታ ማታ በአምፖል አያየውም። አልነገረኝም ነበር። መነጽር እንዲያወጣ ለአንድ ቀን ወደ ደሴ የሚሄድበትን ፈቃድ ጽፌለታለሁ፣ ወጣቷ የፋርማሲ ባለሙያም ከሰኞ ጀምሮ አብራው ትሆናለች። ቀኑንም ተስማምተናል፣ ጥብቅ ሰው እንዳልከው።

የቀረችኝ የተረኝነት ፕሮግራም ናት። እስካሁን እኔ ነኝ የማወጣው፣ በየወሩ ሰው ይቀየማል። አዋላጇ፣ እናንተ እንዴት ታደርጋላችሁ?

---

አዋላጇ · አርብ ማታ 2፡15

እነሱ ያውጡት። አንቺ ሁለት ሦስት የማይነካ ነገር ብቻ ተናገሪ፤ ማታ ሁልጊዜ አንድ አዋላጅ መኖር አለባት፣ ማንም ሁለት ሌሊት አከታትሎ አይሠራም፣ ቅያሬ ሲኖር ቀድሞ ይጻፋል። የቀረውን ተቀምጠው ይጨርሱት፣ አንቺ ትፈርሚያለሽ። መጀመሪያ ወር ይጨቃጨቃሉ፣ ተያቸው፣ ገብተሽ አትፍረጂ። የራሳቸው ስለሆነ በሁለተኛው ወር ራሳቸው ይጠብቁታል።

በዓል ላይ ደግሞ እኛ ጋ የተለመደ ነው፣ መቼም አንቺም ጋ አይጠፋም። ለገናና ለፋሲካ ሙስሊሞቹ ይገባሉ፣ ለአረፋና ለኢድ አልፈጥር ክርስቲያኖቹ። ረመዳን ላይ ማታውን ክርስቲያኖቹ ያበዛሉ፣ ሰው ቤቱ ያፍጥር ተብሎ፤ የሕማማት ሳምንት ደግሞ ይመለስላቸዋል። ይሄን በጽሑፍ አድርጉት እንጂ በመግባባት ብቻ አትተዉት፣ አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ይጠፋዋል። ሁሉም የሚፈልገው እንቁጣጣሽ ነው። እሱን በዕጣ አድርጉት፣ አምና የገባ ሰው ዘንድሮ ዕጣ ውስጥ አይገባም።